የሀገር ስም ለማን ይገባል?

«ስም ከመቃብር በላይ ይውላል» ይላል ያገሬ ሰው። እኔ ግን የባንክ ሠራተኛ ነኝና ስም ከመታወቂያ በታች ሲውል በየቀኑ አያለሁ። ሒሳብ ሊከፍት ወደ መስኮቴ የሚመጣውን ሰው ከሁሉ አስቀድሜ ወረቀቱን እጠይቀዋለሁ። ያለ ወረቀት የተነገረኝ ስም ለእኔ ድምፅ ብቻ ነው። ማታ ብዕሬን ሳነሣ ግን ይህ እምነቴ ያጠራጥረኛል። ሰሞኑን ጥርጣሬዬን የቀሰቀሰው የኢንተርኔት አድራሻ ነገር ነው።

እንደሚታወቀው ለየሀገሩ በኢንተርኔት ዓለም ሁለት ሁለት ፊደል ተሰጥቶታል። የኢትዮጵያ «ኢቲ» ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. ከ1995 ጀምሮ አለ። በእነዚህ ፊደላት ሥር ስሙን ማስመዝገብ የሚገባው ማን ነው? ይህን እያንዳንዱ ሀገር በየራሱ ደንብ ይወስናል። ኖርዌይ የራሷን የድርጅት ወይም የግለሰብ መለያ ቁጥርና በምድሯ ላይ የሚገኝ የፖስታ አድራሻ ትጠይቃለች። በፓስፊክ ውቅያኖስ ያለችው ትንሿ ቱቫሉ ግን በሯን ለዓለም ከፍታለች፤ «ቲቪ» የተሰኙት ፊደሎቿ ቴሌቪዥንን ስለሚያስታውሱ ፈላጊያቸው ብዙ ነው። ከዚያ ያገኘችው ገንዘብም እ.ኤ.አ. በ2000 የተባበሩት መንግሥታት አባል እንድትሆን አግዟታል። አንዷ ስሟን ትቆልፋለች፤ ሌላዋ ታከራያለች። ሁለቱንም አልነቅፍም።

የሚያሳስበኝ ወረቀት ብቻውን ሲፈርድ ነው። የአውሮፓ ኅብረት፣ ሀገር ባይሆንም፣ «ኢዩ» የተሰኘ አድራሻ አለው። ቀድሞ የሚሰጠው በኅብረቱ ውስጥ ለሚኖሩ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2019 የትም ለሚኖሩ ዜጎቹም ፈቀደ። ብሪታኒያ ስትወጣ ግን እ.ኤ.አ. በ2021 መጀመሪያ 80,000 ገደማ የብሪታኒያ አድራሻዎች ታገዱ፤ ብዙዎቹም በዓመቱ ተሰርዘው ለሌላ ፈላጊ ክፍት ሆኑ። እስቲ በለንደን አንድ መንገድ ላይ የሚኖሩ ሁለት ጎረቤታሞችን እናስብ፤ አንዱ የአየርላንድ ዜጋ፣ ሌላው እንግሊዛዊ። ሁለቱም ለዓመታት ግጥማቸውን በ«ኢዩ» ሲያወጡ ኖረዋል እንበል። የመጀመሪያው አድራሻው ጸናለት፤ ሁለተኛው ከቤቱ አንዲት እርምጃ ሳይነቃነቅ ተፈናቀለ።

ካታሎናውያን ሌላ መንገድ አሳይተዋል። ሉዓላዊ መንግሥት የላቸውምና ሁለት ፊደል አልደረሳቸውም። እ.ኤ.አ. በ2005 ግን «ካት» የተሰኘ አድራሻ ተፈቀደላቸው። መመዘኛውም ዜግነት ወይም መኖሪያ ሳይሆን ከካታላን ቋንቋና ባህል ጋር ያለ ዝምድና ሆነ።

እኔም ለሀገሬ የምመኘው ይህንኑ ነው። ነጋዴ ከሆነ ንግድ ፈቃዱን ያሳይ፤ በባንክ ስም የተከፈተ የሐሰት ገጽ የጡረተኛን ቁጠባ እንዴት እንደሚያራቁት አላጣሁትም። ለደራሲ ግን መታወቂያው ሥራው ሊሆን ይገባል። በሲልቨር ስፕሪንግ ወይም በቴል አቪቭ የምትኖር፣ የሌላ ሀገር ፓስፖርት የያዘች፣ ነገር ግን በአማርኛ፣ በኦሮምኛ ወይም በትግርኛ የምትጽፍ ሴት «ኢቲ»ን ብትሻ፣ «ወረቀትሽ የታለ?» ሳይሆን «የጻፍሽው የታለ?» ልትባል ይገባል። አንዴ የሰጠናትንም ስም ዜግነቷን በለወጠች ጊዜ አንንጠቃት፤ አንባቢዋ የለመደው ደጃፍ ነውና።

«ሥራውን ማን ይመዝናል?» የሚል አይጠፋም። ጥሩውን ግጥም ከመጥፎው ለዩ አላልሁም፤ እንዲያ ቢሆን መጀመሪያ የምወድቀው እኔ ነኝ። በሀገሪቱ ቋንቋ መጻፉን ማየት ይበቃል።

ነገ ጠዋት መስኮቴ ላይ ስቀመጥ እንደ ልማዴ መታወቂያ እጠይቃለሁ፤ የሰው ገንዘብ ነውና። ገንዘብ ባወጡት ቁጥር ይጎድላል። ቋንቋ ግን የሚጎድለው የሚጽፍበት ሰው ሲጠፋ ነው፤ ታዲያ ሊጽፍበት የመጣውን ከደጅ መመለሳችን ማንን ለመጥቀም ነው?