መንጋጋ ከመነቀሉ በፊት፦ የፊት ነርቭ ሕመምና የአማርኛ አስተርጓሚ ጉዳይ በዋሺንግተን ስቴት

ለሕግ አውጪዎች ጽሕፈት ቤት ባልደረቦችና ለጤና መብት ተሟጋቾች የቀረበ። የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

በደም ምርመራ የማይገኝ፣ በራጅ የማይታይ ሕመም አለ። ሐኪሞች ትራይጀሚናል ኒውራልጂያ ይሉታል። ከአንጎል ግንድ ተነሥቶ በሦስት ቅርንጫፍ ግንባርን፣ ጉንጭንና መንጋጋን የሚያዳርሰው የአምስተኛው የራስ ቅል ነርቭ ሕመም ነው። ፊት መታጠብ፣ ጥርስ መቦረሽ፣ እንጀራ መጉረስ፣ ከአውቶቡስ ሲወርዱ ጉንጭን የሚዳስስ ነፋስ፣ አልፎ ተርፎም ለሰላምታ አፍ መክፈት ይቀሰቅሰዋል። አንዱ ጥቃት ከሰከንድ ክፍልፋይ እስከ ሁለት ደቂቃ ይቆያል፤ በቀን ውስጥ ግን ደጋግሞ ሊመላለስ ይችላል።

ዓለም አቀፉ የራስ ምታት ማኅበር ይህን ሕመም ለመለየት ያወጣውን መስፈርት ያነበበ ሰው አንድ ነገር ያስተውላል። መስፈርቱ ሕመሙ በፊት አንድ ወገን መሆኑን፣ የሚቆይበትን ጊዜ፣ ብርታቱን፣ እንደ ኤሌክትሪክ የሚነዝር፣ የሚወረወር፣ የሚወጋ ወይም ስለታም መሆኑን፣ ጉዳት በሌለው ንክኪ መቀስቀሱን ይጠይቃል። ከእነዚህ ውስጥ በመሣሪያ የሚለካ አንድም የለም። ኤም.አር.አይ. የሚታዘዘው ነርቩን የተጫነው የደም ሥር ወይም ዕጢ እንዳለ፣ ወይም ነገሩ ከመልቲፕል ስክለሮሲስ የመጣ እንደሆነ ለማየት ነው፤ ሕመሙን ራሱን አያሳይም። ሐኪሙ ያለው የታማሚው ቃል ብቻ ነው።

ስለዚህ በዚህ ሕመም ዘንድ አስተርጓሚ የመስተንግዶ ጉዳይ አይደለም፤ የምርመራ መሣሪያ ነው። መሣሪያ ደግሞ በጀት ይያዝለታል፣ ጥራቱም ይፈተሻል። ስቴታችን ለሌሎች ቋንቋዎች ያደረገውን ለአማርኛ አላደረገም። ክርክራችን ይኸው ነው።

ሁለት ጥርስ

ይህን የምጽፈው ከሩቅ ሆኜ አይደለም። ሕመሙ የጀመረኝ በአንድ የኅዳር ጧት፣ በሲታክ የሌሊት ሥራዬን ጨርሼ አውቶቡስ ስጠብቅ ነው። ነፋሱ ቀኝ ጉንጬ ላይ ሲያርፍ መንጋጋዬ ውስጥ ኤሌክትሪክ የገባ መሰለኝ። መጀመሪያ የተሰጠኝ ምክር «ምች ነው፤ ዳማከሴ ይታሽልህ» የሚል ነበር። ሁለተኛው «ጥርስህ ነው» የሚል ሆነ፤ እኔም አመንኩት። በሄድኩበት የጥርስ ሕክምና ቤት አስተርጓሚ ስላልነበረ የ13 ዓመት ልጄ ተረጎመችልኝ። «ጥርሴ ውስጥ ኤሌክትሪክ ገብቶ የሚወጣ ይመስለኛል በያቸው» አልኳት። ከብዙ ወራት በኋላ ነው እውነቱን የነገረችኝ፦ «አባዬ፣ ኤሌክትሪክ የሚለውን ተውኩት። አእምሮው ተነክቷል እንዳይሉህ ፈራሁ።» የተናገረችው ጥርሱን ያመዋል ብላ ነበር። የመጨረሻው መንጋጋ ተነቀለ። ሕመሙ ግን ባለበት ቆየ። ከአራት ወር በኋላ ከጎኑ ያለውም ተነቀለ።

ቀጥሎ በሄድኩበት ክሊኒክ በስልክ የሚተረጉም ሰው ተገኘ። ሐኪሟ «እንዴት ነዎት?» ብላ ስትጠይቀኝ «እግዚአብሔር ይመስገን» አልኩ። የአገሬ ሰው በጣር ላይ ሆኖም ሲጠየቅ በዚህ ቃል ይጀምራል፤ ምስጋናው ከሕመሙ ጋር የተያያዘ ነገር የለውም። በመዝገቤ ላይ የሰፈረው ግን ታማሚው ዛሬ ደኅና መሆኑን ገልጿል የሚል ነበር። ቀጥዬ «ፊቴን ይነዝረኛል» አልኩ። ንዝረት በአማርኛ ኤሌክትሪክ የያዘው ሰው የሚሰማው ነው፤ ድምፁ የጠፋ ስልክ በኪስ ውስጥ የሚርገበገበውም ንዝረት ነው። አስተርጓሚው ሁለተኛውን መረጠ። ሐኪሟም እጆቼን ዘርግቼ እንድይዝ፣ ጣቴን ከአፍንጫዬ ወደ እርሷ ጣት እንዳመላልስ አዘዘችኝ፤ የመንቀጥቀጥ በሽታ ትፈልግ ነበር። በአስተርጓሚው አልፈርድም። ድምፄን እንጂ እኔን አላየም።

ከመጀመሪያው ንዝረት እስከ ትክክለኛው ስም 14 ወር ፈጀ። ስሙ የተገኘው በአካል የመጣ አስተርጓሚ በተቀመጠበት አንድ ቀጠሮ ነው። ሰውየው እጄን ወደ ጉንጬ አቅርቤ ሳልነካው ስመልሰው አየ። ጥርሱን የሚያመው ሰው ጉንጩን ይዞ ይቀመጣል፤ ይህ ሕመም ያለበት ሰው ግን የገዛ ፊቱን ይፈራዋል። ሐኪሙን ይቅርታ ጠይቆ «ጋሼ፣ የሚነዝርዎት የኤሌክትሪክ ገመድ እንደ ጨበጠ ሰው ነው ወይስ እንደሚንቀጠቀጥ ነገር?» አለኝ። በ14 ወር ውስጥ ይህን የጠየቀኝ ሰው አልነበረም።

የሕመም ሕክምና የተወለደባት ከተማ

ነገሩን ይበልጥ የሚያስቆጨው ከተማዋ ሲያትል መሆኗ ነው። የሕመም ሕክምና ራሱን የቻለ ሙያ እንዲሆን ከደከሙት ዋነኛው ጆን ቦኒካ በ1960 ወደ ዋሺንግተን ዩኒቨርሲቲ መጥተው የማደንዘዣ ሕክምና ክፍሉን መሩ፤ የተለያየ ሙያ ያላቸው ሐኪሞች አንድን ታማሚ በጋራ የሚያዩበትን ክሊኒክም እዚሁ አቋቋሙ። በወጣትነታቸው በሕክምና ትምህርት ላይ ሳሉ በትግል ግጥሚያ ገንዘብ ያገኙ ነበርና ከዚያ የተረፈው ሥቃይ ዕድሜ ልካቸውን አልተለያቸውም። በ1973 ከሲያትል በስተምሥራቅ ባለችው ኢሳኳ የጠሩት ጉባኤ ዓለም አቀፉን የሕመም ጥናት ማኅበር ወለደ። ማኅበሩ በ1975 ማሳተም በጀመረው መጽሔት ላይ ሮናልድ ሜልዛክ የማክጊልን የሕመም መጠይቅ አወጡ፦ እንግሊዝኛ ተናጋሪዎች ሕመማቸውን የሚገልጹባቸው 78 ቃላት፣ በ20 ምድብ ተከፍለው። መነሻው ቀላል ነበር። ሕመም በልኬቱ ብቻ ሳይሆን በዓይነቱም ይለያያል፣ ዓይነቱን የሚያውቀው ደግሞ ቃሉ ነው።

አማርኛስ? ይወጋል፣ ይጠቀጥቃል፣ ይነዝራል፣ ይጠዘጥዛል፣ ይቆረጥማል፣ ይፈልጣል፣ ይለበልባል፣ ያቃጥላል፣ ውርር ያደርጋል። እያንዳንዱ ቃል የተለየ ሥፍራና የተለየ ጠባይ አለው። ቁርጥማት የሚለው ሰው ስለ አጥንቱ እንጂ ስለ ነርቩ አይናገርም፤ ጥዝጣዜ የቆየ ቁስልንና የተቦረቦረ ጥርስን ያስታውሳል፤ ውጋት ከጎን ጋር ይሄዳል። አንድ እናት «ይጠዘጥዘኛል» ስትል እና «ይነዝረኛል» ስትል ሐኪሙ ወደ ሁለት የተለያዩ በሮች መሄድ አለበት። አሁን ግን ሁለቱም ቃላት ያምማል በሚለው አንድ ወንፊት እያለፉ ገለባ ይሆናሉ። ከዚያም ከዜሮ እስከ 10 ቁጥር ስጪ ትባላለች፤ ቁጥሩ ብርታቱን እንጂ ዓይነቱን አይናገርም።

ሲያትል ይህን አታውቅም ማለት አይቻልም። በሃርበርቪው ሕክምና ማዕከል በ1994 የተጀመረው ኤትኖሜድ የተባለው የመረጃ ድረ ገጽ ስለ ኢትዮጵያውያንና ኤርትራውያን ታማሚዎች ባህል ለሐኪሞች ሲያስተምር ቆይቷል። በዚያው ሆስፒታል ለዚህ ነርቭ ሕመም የሚውል የጋማ ናይፍ ጨረር ሕክምና አለ። የነርቭ ቀዶ ሐኪሞችም ከጆሮ ጀርባ ገብተው በደም ሥሩና በነርቩ መካከል ትንሽ የቴፍሎን ትራስ የሚያኖሩበት ቀዶ ሕክምና አለ። ሕክምናው ከሬኒየር አቬኑ በአውቶቡስ የሚደረስበት ነው። ታማሚው ግን እስከዚያ ድረስ የሚወስደው ቃል የለውም።

ሕጉ ያለውና የጎደለው

የ1964ቱ የሲቪል መብቶች ሕግ ስድስተኛው ክፍል የፌደራል ገንዘብ የሚቀበል ተቋም በትውልድ አገር ምክንያት እንዳያዳላ ይከለክላል። የ2010ሩ የጤና ክብካቤ ሕግ አንቀጽ 1557 ብቃት ያለው አስተርጓሚ እንዲቀርብ ያዛል፤ ደንቡ ከድንገተኛ አደጋ በቀር ሕፃናት እንዳያስተረጉሙ ይከለክላል፤ በ2024 የወጣው ደንብ ደግሞ ወሳኝ የሆነ ጽሑፍ በማሽን ከተተረጎመ ብቃት ባለው ሰው እንዲታይ ይጠይቃል። በሌላ በኩል በ2000 የወጣውና የፌደራል መሥሪያ ቤቶችን የቋንቋ አገልግሎት ይመራ የነበረው የፕሬዚዳንት ትእዛዝ በማርች 1 ቀን 2025 ተሽሯል። ሕጎቹ አልተሻሩም፤ ከላይ የሚገፋቸው እጅ ግን ላልቷል። ስለዚህ ጉዳዩ ከዋሺንግተን ዲሲ ይልቅ ኦሊምፒያን ይጠብቃል።

ኦሊምፒያ ምን ሠርታለች? ከብዙ ስቴቶች የተሻለ ሠርታለች፤ ይህን መካድ አይገባም። ስቴቱ ለአፕል ኼልዝ ተጠቃሚዎች የአስተርጓሚን ክፍያ ራሱ ይሸፍናል፤ በ2010 በወጣ ሕግም እነዚህ አስተርጓሚዎች በማኅበር ተደራጅተው እንዲደራደሩ ፈቅዷል። ነገር ግን የማኅበራዊና የጤና አገልግሎት መምሪያው ባቋቋመው የፈተና ሥርዓት ለሕክምና አስተርጓሚ የምስክር ወረቀት ፈተና የተዘጋጀው ለስምንት ቋንቋዎች ነው፦ ስፓኒሽ፣ ሩሲያኛ፣ ቬትናምኛ፣ ካንቶኒስ፣ ማንዳሪን፣ ኮሪያኛ፣ ክመርና ላኦ። አማርኛ ተናጋሪው የሚፈተነው ለቀሩት ቋንቋዎች ሁሉ በተዘጋጀው የማጣሪያ ፈተና ሲሆን የሚያገኘውም ስም የተፈቀደለት እንጂ የተመሰከረለት አይደለም። አገር አቀፎቹ የሕክምና አስተርጓሚ አረጋጋጮችም የአማርኛ የቃል ፈተና የላቸውም። እንግዲህ «ይነዝረኛል» የሚለውን ቃል በትክክል ማስተላለፍ መቻሉን የሚፈትን ማነው?

ሦስት መልሶች ዘወትር ይሰጡናል። አንደኛው የስልክ መስመር በቂ ነው የሚለው ነው። ለቀጠሮ ማስተካከያ በቂ ነው፤ እጅ ከጉንጭ ሲመለስ ማየት ለሚጠይቅ ምርመራ ግን አይበቃም። ሁለተኛው የስልክ መተግበሪያ ይተረጉመዋል የሚለው ነው፤ ንዝረት ከሁለቱ የቱ እንደሆነ መልሶ የማይጠይቅ ነገር አልተረጎመም፤ ገምቷል። ሦስተኛው የታማሚዎቹ ቁጥር ጥቂት ነው የሚለው ነው። እውነት ነው፣ ሕመሙ ብርቅ ነው። ነገር ግን ምርመራው በቃል ብቻ የሚቆም እርሱ አንዱ እንጂ ብቸኛው አይደለም። ማይግሬን፣ የስኳር ሕመም የሚያመጣው የእግር ማቃጠል፣ ከአልማዝ ባለጭራ በኋላ የሚቀረው ሥቃይ፣ የመንፈስ ጭንቀት ሁሉ በዚሁ በር ይገባሉ። ለእኛ ጉንጭ የሚሠራው ለእነርሱም ይሠራል።

ወጪውንም በትክክል እንቁጠረው። ያለ አግባብ የተነቀለ ጥርስ ወጪ ነው፤ ያለ ጥቅም የታዘዘ አንቲባዮቲክና ያለ ጥያቄው የተደረገ ምርመራም ወጪ ነው። ምክር ቤቱ በ2023 ባወጣው ሕግ የመድን ድርጅቶች በኤሌክትሮኒክ መንገድ ለሚቀርብ መደበኛ የቅድመ ፈቃድ ጥያቄ በ3 ቀን ውስጥ መልስ እንዲሰጡ ወስኗል። ጊዜ ሕመም መሆኑን ተረድቷል ማለት ነው። ሰዓቱ መቁጠር የሚጀምረው ግን ሐኪሙ ጥያቄውን ካቀረበ በኋላ ነው። የኔ 14 ወር ያለፈው ከዚያ በፊት ነው፤ ያን ጊዜ የሚቆጥር ሕግ የለም።

ትክክለኛው ስም ከተገኘም በኋላ ቋንቋው አያበቃም። ለዚህ ሕመም በቅድሚያ የሚታዘዘው ካርባማዜፒን በአሜሪካ ከ1968 ጀምሮ የተፈቀደ፣ ርካሽና ፍቱን መድኃኒት ነው። ይሁን እንጂ ያደነዝዛል፣ ያንገዳግዳል፣ የደም ሶዲየም ሊያወርድ ይችላል፣ የወሊድ መከላከያ ክኒንን ኃይል ያደክማል፤ አልፎ አልፎ ደግሞ ሕይወትን የሚያሰጋ የቆዳ ሽፍታ ያመጣል፤ ሽፍታው ሲታይም ሳይውሉ ሳያድሩ ወደ ሐኪም መሄድ ያስፈልጋል። በዐቢይ ጾም እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚጾም ሰው የጧቱን ክኒን ምን ያድርገው? ይህን በእንግሊዝኛ ብቻ የተጻፈ ብልቃጥ አይመልስም። ጎረቤታችን ኦሪገን በ2019 ባወጣችው ሕግ መድኃኒት ቤቶች የአጠቃቀም መመሪያውን በእንግሊዝኛና በታማሚው ቋንቋ እንዲሰጡ አድርጋለች፤ በደንቡ ከተዘረዘሩት 14 ቋንቋዎች አንዱ አማርኛ ነው። ከቫንኩቨር ከተማ ድልድዩን ተሻግሮ ፖርትላንድ የሚገባ ታማሚ መብቱ በወንዝ መለወጥ የለበትም።

የምንጠይቀው ብዙ አይደለም። ስቴቱ ለአማርኛ የሕክምና አስተርጓሚ የተሟላ የምስክር ወረቀት ፈተና እንዲያዘጋጅ በጀት ይመደብለት፤ ፈተናውም የሕመም ቃላትን በስም እንዲፈትን ይሁን። ለነርቭና ለሥር የሰደደ ሕመም የመጀመሪያ ቀጠሮ አስተርጓሚው በአካል፣ ካልተቻለም በቪዲዮ እንዲገኝ የጤና ክብካቤ ባለሥልጣኑ በውሉ ይጻፍ። አፕል ኼልዝ የሚከፍላቸው የጥርስ ሐኪሞች ከመንቀላቸው በፊት በማን አንደበት እንደ ሰሙ በመዝገብ ያስፍሩ፤ ሕፃን ከሆነ የተረጎመው ቀጠሮው ይተላለፍ። የዩኒቨርሲቲው የሕመም ባለሙያዎችም ቦኒካ በተከሉት ክሊኒክ የአማርኛን የሕመም ቃላት ከተናጋሪዎቹ ጋር ተቀምጠው ይሰብስቡ። ለዚህ ሥራ በቸሪ ጎዳናና በተክዊላ ያሉ ማኅበረሰቦቻችን ሰው አያጡም።

ምክር ቤቱ በጃንዋሪ ሁለተኛ ሰኞ ሲከፈት ታማሚዎቹ ለመመስከር ይመጣሉ። አንዳንዶቹ ሁለት ዓረፍተ ነገር ሲናገሩ ሕመሙ ይነሣባቸዋል፤ በአየር ማቀዝቀዣ ሥር መቀመጥም አይችሉም። ስለዚህ ምስክርነታቸው በአማርኛ በጽሑፍ እንዲቀበላቸው፣ የኮሚቴው ጸሐፊዎች አስተርጓሚውን ከችሎቱ ቀን አስቀድመው እንዲመድቡና ጽሑፉን ከታማሚው ጋር ተቀምጦ እንዲያነበው ከወዲሁ እንጠይቃለን።