ፍየሏን ከመክሰሳችን በፊት

በቢቸናም በሞጣም፣ ከጥር አንስቶ ክረምቱ እስኪገባ አንድ ክስ እሰማለሁ፦ ፍየል ዛፍ አጥፊ ናት። የዋንዛ ችግኝ ተልጦ ነጭ ግንዱን ማየት እኔንም ያንገበግበኛል። ግን እንስሳዋ ያለ ምክንያት አትልጥም።

በዚያ ወራት ግጦሹ ደርቋል፤ የሚቀርብላት የጤፍ ጭድ ነው። ጭድ ሆድ ይሞላል እንጂ ፕሮቲኑም ማዕድኑም ጥቂት ነው። ከቅርፊቱ ሥር ያለው እርጥብ ሽፋን ግን ቅጠሉ የሠራውን ስኳር ወደ ሥር የሚያወርድ ነው፤ ካልሲየምም ይገኝበታል። ማዕድን ፍለጋ እንጨት የሚያኝክ ሌላም እንስሳ አለ፤ በዩጋንዳው የብዊንዲ ጫካ ጎሪላዎች የበሰበሰ ግንድ የሚያኝኩት በጨው ውስጥ ያለውን ሶዲየም ስለሚያገኙበት መሆኑን ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2006 አሳይተዋል። የኛም ፍየል ጨው ሲያጥራት ያገኘችውን ትልሳለች፣ ትግጣለች።

ለዛፉ ደግሞ ያው እርጥብ ሽፋን ሕይወቱ ነው። ከአንድ ወገን ብቻ ቢላጥ ሊያገግም ይችላል፤ ዙሪያውን ከተላጠ ግን ሥሩ ይራባል። ቅጠሉ ለጊዜው አረንጓዴ ስለሚሆን ብዙ ሰው የተረፈ ይመስለዋል።

ስለዚህ ችግኝ በተላጠ ቁጥር እረኛውን ልጅ መግረፍ ይቁም። በበረቱ አሞሌ ጨው ይቀመጥ። እንደ ትሪሉሰርንና ሰስባኒያ ያለ የመኖ ዛፍ በየጓሮው ተተክሎ፣ እየታጨደ ለከብቱ ይቅረብ፤ ልቅ ግጦሽም ይቅር። በክረምት ችግኝ ለሚያስተክሉን ኃላፊዎችም የምለው አለኝ፦ የተተከለውን ብቻ ሳይሆን የታጠረውንም ቁጠሩልን፤ ችግኝ ስታድሉ የመኖ ዘር አብራችሁ ስጡን።