«አርፈው ይቀመጡ» ስለ ማለት

እኔ የምከሰው ክፉውን ልጅ አይደለም። ወላጁን የጣለውን አገር ሁሉ ያውቀዋልና የእኔ ክስ አያስፈልገውም። የምከሰው ደጉን ነው፤ ይኸውም እናቱ ከመቀመጫዋ ብድግ ባለች ቁጥር «አንቺ ተቀመጪ» እያለ መጥረጊያውን፥ ወንፊቱን፥ የቡናውን ጀበና ከእጅዋ የሚቀማውን ነው።

«አረፍ ይበሉ» መንገድ ያደከመውን እንግዳ የምንቀበልበት መልካም ቃል ነው፤ «አርፈህ ተቀመጥ» ግን የሚረብሽ ሕፃን የምንገሥጽበት ነው። ዛሬ በየቤቱ የምሰማው አነጋገሩ የፊተኛው፥ ሥራው የኋለኛው ነው። ማለዳ ቤተ ክርስቲያን ለመሳም የሚነሡትን አዛውንት «ብርድ ነው» ብለን እናስቀራለን፤ በጓሮ ጎመን የሚኮተኩቱትን «ሰው ምን ይለናል» ብለን መኮትኮቻቸውን እንደብቃለን። (ከሁለቱ ምክንያት እውነተኛው የኋለኛው ይመስለኛል።) ጉልበታቸው ሲከዳቸውም «እርጅና ነው፥ ምን ይደረግ» እንላለን። ከዚያ በኋላ ለቅሶ መድረስ ይቀራል፤ ማኅበሩም ይቀራል፤ በመጨረሻ ሽንት ቤት ለመሄድ እንኳ ልጅ መጥራት ይመጣል። ዕድሜውን ሙሉ ቤት ያስተዳደረ ሰው ይህን ውርደት እንደ ክብር ቈጥሮ እንዲቀበልልን እንፈልጋለን።

ነገሩ እርጅና ብቻ ቢሆን ኖሮ ወጣቱን ባልነካው ነበር። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1966 በአሜሪካ አገር በዳላስ ከተማ ሐኪሞች አምስት ጤነኛ የ20 ዓመት ጐልማሶችን 3 ሳምንት ሙሉ አልጋ ላይ አስተኝተው መረመሩ። ከ30 ዓመት በኋላ እነዚያኑ ሰዎች እንደ ገና ሲመረምሯቸው፥ የ3 ሳምንቱ መተኛት የሰውነታቸውን የሥራ ችሎታ የጐዳው፥ የ30 ዓመት ዕድሜ ከጐዳው ይልቅ በልጦ ተገኘ። ወጣት አንባቢ ሆይ፥ የአንተን እኩያ በ3 ሳምንት እንዲህ ያደረገ ነገር የ75 ዓመት እናትህን በዓመት ምን ያደርጋት ይመስልሃል?

ደግሞም የመነመነው ጡንቻ ይመለሳል። በ1990 በዚያው አገር በቦስተን፥ በመጦሪያ ቤት የሚኖሩ ከ86 እስከ 96 ዓመት የሆናቸው ደካሞች ለ8 ሳምንት በእግራቸው ክብደት ማንሣት ተለማመዱ። ልምምዱን የፈጸሙት ዘጠኙ የእግራቸው ኀይል በአማካይ ከእጥፍ በላይ ሆነ።

«ቢወድቁስ?» የሚለኝ ይኖራል። ጥያቄው የፍቅር ነው፤ ነገር ግን ሽማግሌን ከሚጥሉት ነገሮች ዋነኞቹ የጭን መድከምና የሚዛን መናጋት ናቸው፤ ሁለቱንም የሚያብሰው መቀመጥ ነው። ስለዚህም የዓለም ጤና ድርጅት በ2020 ባወጣው መመሪያ፥ 65 ዓመት የሞላቸው ሰዎች በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መጠነኛ እንቅስቃሴ እንዲያደርጉ፥ ቢያንስ 3 ቀንም ሚዛንንና ኀይልን የሚያጠነክር ልምምድ እንዲጨምሩ ይመክራል። በሳምንት አምስት ቀን ደብሩ ድረስ ግማሽ ሰዓት ረገድ አድርጎ ደርሶ መመለስ 150ውን ይሞላል።

ከእንጦጦ የባሕር ዛፍ ጭራሮ ተሸክመው ሲወርዱ የኖሩትን እናቶች ጠቅሶ «እነሱማ በቂ ይንቀሳቀሳሉ» የሚል ፌዘኛ ቢኖር፥ ያ የችግር ሸክም ነውና ፈጥኖ ሊወርድላቸው ይገባል። እኔ የምለው ስለ ሌላ ነው። ልባቸው ወይም የደም ግፊታቸው የሚያሳስብህን አስቀድመህ ለሐኪም አሳይ፤ ደረጃው ላይ መደገፊያ አስገባ፤ ከዘራቸውን አቀብል፤ ሲሄዱም ከጎናቸው ሁን እንጂ ከፊታቸው አትቁም።