ሦስት ሃርድ ዲስክ በአንድ ላፕቶፕ

ሳዑዲ የከረመችው እህት የላከችው አንድ፣ የሠርጉ ቪዲዮ ያለበት ሌላ፣ ልጆቹ ፊልም የሚያጠራቅሙበት ደግሞ ሦስተኛ። ከሚሴም ይሁን ባቲ፣ አዲስ አበባም ይሁን ደሴ፣ ዛሬ በብዙ ቤት መሳቢያ ውስጥ ሁለትና ሦስት ሃርድ ዲስክ አይጠፋም። ፎቶውን አንድ ቦታ ልሰብስብ ብለው ሁሉንም ላፕቶፑ ላይ ሲሰኩ ግን አንዱ ይታያል፣ ሁለተኛው ብቅ ብሎ ይጠፋል፣ ሦስተኛው ቀጭ ቀጭ ይላል።

ያን ድምፅ የሰማ ሁሉ «ሃርድ ዲስኩ ሞተ» ይላል። የሞተበት ጊዜ አለ፤ መጀመሪያ መጠርጠር ያለበት ግን ረሃብ ነው። በእጅ የሚያዘው ትንሹ ዲስክ በውስጡ ያለውን ሳህን የሚያሽከረክረው ከላፕቶፑ በሚያገኘው ኃይል ብቻ ነው። በደንቡ መሠረት የቀድሞው ዩኤስቢ 2.0 ቀዳዳ እስከ 500 ሚሊአምፔር፣ 3.0 ደግሞ (ብዙውን ጊዜ ውስጡ ሰማያዊ የሆነው) እስከ 900 ይሰጣል። ይህ ለአንድ ዲስክ ይበቃል። ባለ አራት ቀዳዳው ርካሽ ማከፋፈያ ግን የራሱ አዳፕተር ከሌለው፣ ያችኑ የአንድ ቀዳዳ ድርሻ ነው ለአራት የሚያካፍላት። ለማውስና ለኪቦርድ ይሆናል፣ ለሃርድ ዲስክ አይሆንም።

ታዲያ አዳፕተር ያለውን ልግዛ? ይግዙ፤ መብራት የማይቆራረጥበት ሰፈር ከሆኑ ወይም ዩፒኤስ ካለዎት። መብራት ድርግም ሲል ማከፋፈያው አብሮ ይጠፋል፣ የተሰኩት ዲስኮችም ፋይል እየጻፉ እያለ ይቋረጣሉ። ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጠው፣ ከራሱ አዳፕተር ጋር የሚመጣው ትልቁ ዲስክም እንደዚያው። እኔን ከጠየቁኝ፣ መብራት በማይታመንበት ከተማ ላፕቶፑን ባትሪውን ሞልቶ፣ ሁለት ትንንሽ ዲስኮችን በቀጥታ በሁለት ቀዳዳ መሰካት ይሻላል። ሦስተኛው ተራውን ይጠብቅ። ጊዜ ይወስዳል፣ ነገር ግን መብራት ቢጠፋም ባትሪው ያስጨርስዎታል። እንደ ከሚሴ ባለ ሞቃት ከተማ ደግሞ ዲስኮቹን አንዱን ባንዱ ላይ አይደራርቧቸው፣ ሲሠሩ ይግላሉ።

ከመጀመርዎ በፊት ስም ያውጡላቸው። ኮምፒውተሩ ለእያንዳንዱ ዲስክ ኢ፣ ኤፍ፣ ጂ እያለ ፊደል ይሰጣል፤ ዛሬ ኢ የነበረው ነገ ኤፍ ሊሆን ይችላል። የልጆቹን ፊልም ላጥፋ ብሎ በፊደሉ የተማመነ ሰው የሠርጉን ዲስክ ፎርማት ሊያደርግ ይችላል። «ሠርግ»፣ «ልጆች» ብለው ኮምፒውተሩ ላይ ይሰይሙ፤ ያንኑ ስም በፕላስተር ጽፈው ጀርባው ላይ ይለጥፉ። ሲያዛውሩም «ከት» አይበሉ፤ «ኮፒ» አድርገው፣ ጥቂት ፎቶና ቪዲዮ ከፍተው አይተው፣ ከዚያ ነው ማጥፋት። ከመንቀልዎ በፊትም «ኢጀክት» ይበሉት።

በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴን፣ ኮምቦልቻንና ከሚሴን ባዳረሰ ጊዜ ሰው ልጁን ይዞ ነው የወጣው። በዚያ ሰዓት መሳቢያ የሚከፍት ማን አለ? የሟች አባት ድምፅ ያለበት ቪዲዮ በሦስት ዲስክ ቢገለበጥም፣ ሦስቱም አንድ መሳቢያ ውስጥ ከሆኑ ያው አንድ ናቸው። ለሌባም፣ ለእሳትም፣ ለጎርፍም።

ስለዚህ ሁሉንም ከሰበሰቡ በኋላ አንዱን ቅጂ ከቤት ያውጡት። አዲስ አበባ ያለ ወንድም፣ ኮምቦልቻ ያለች አክስት ዘንድ ይቀመጥ። በፎጣ ጠቅልለው፣ በሚያውቁት መንገደኛ እጅ ይላኩት፤ የአውቶቡስ ጣሪያ ላይ ከሚጫን ሻንጣ ውስጥ ግን አይክተቱት። ወንድምዎ ለኢድ ሲመጣ ይዞት ይምጣ፤ የዓመቱን ፎቶ ጨምረው ይመልሱለት።