የሞተር ፍሪሲዮን ከገበሬው ኪሎ ላይ አይቆረጥ

የዕለቱ ዋጋ እንደተለመደው ማታ ይለቀቃል። አሁን የምጽፈውም ስለ ዋጋ ነው፤ ግን ሰሌዳ ላይ ስለማይወጣው ዋጋ። ስለ ሞተር ፍሪሲዮንና ካምቢዮ።

«ይሄ የቡና ቻናል ነው፣ ጋራዥ አደረግከው እንዴ?» የሚል አይጠፋም። ትንሽ ታገሱኝ፣ ሒሳቡ ላይ እንገናኛለን።

ሺሺንዳ ላይ መኪና የሚቆመው ከቦንጋ ወደ ሚዛን በሚያልፈው ዋና መንገድ ዳር ነው። ከዚያ ወደ ውስጥ ያለው ጭቃ፣ ዳገትና ደን ነው። እሸቱን ከገበሬው ጓሮ አውጥቶ መፈልፈያ ጣቢያ የሚያደርሰው ፈረስ፣ የሰው ትከሻና ሞተር ነው። ከነዚህ ውስጥ ብዙውን ኪሎ በአንድ ቀን የሚያመላልሰው ሞተር ነው።

እሸት ደግሞ አይጠብቅም። በተለቀመበት ቀን መፈልፈል አለበት። ጆንያ ውስጥ ካደረ ይሞቃል፣ ይቦካል፣ ሽታ ይይዛል። ከዚያ በኋላ ለታጠበ ቡና አይሆንም፤ ቢበዛ አልጋ ላይ ተሰጥቶ ጀንፈል ይሆናል፤ እሱም ጣዕሙ ከተነካ ቀማሽ ጋ ሲደርስ ደረጃው ይወርዳል።

ሒሳቡ እንዲህ ነው። 1 ኪሎ ንጹህ የታጠበ ቡና ለማግኘት ወደ 6 ኪሎ ቀይ እሸት ያስፈልጋል። ስለዚህ ሞተር ላይ የተጫነ 1 ኩንታል እሸት ማለት በግምት 1 ፈረሱላ፣ ማለትም 17 ኪሎ ንጹህ ቡና ነው። አንድ ሞተር በቀን 4 ጊዜ ቢመላለስ 4 ፈረሱላ ነው። ለሒሳብ እንዲመች በጊዜው በደረሰና ባደረ እሸት መካከል ያለው ልዩነት በኪሎ 10 ብር ብቻ ነው እንበል። ሞተሩ 2 ቀን ከቆመና ሌላ ካልተገኘ 800 ኪሎ ይነካል፤ 8,000 ብር ጠፋ ማለት ነው። የዓለም ዋጋ ከፍ ባለ ቁጥር ደግሞ ልዩነቱ ይሰፋል እንጂ አይጠብም።

ያንን 8,000 ብር ማን ከፈለው? ላኪው አልከፈለም፣ እኛ ደላሎችም አልከፈልንም። «እሸቱ አድሯል» ተብሎ ከገበሬው ላይ ተቆረጠ። እውነቱን እንነጋገር ከተባለ በየዓመቱ የሚሆነው ይሄ ነው።

ለቀሚ በሚበዛበት በጥቅምትና በኅዳር ሞተር በብዛት የሚቆመው በምንድን ነው? ጎማ አለ፣ ካንዴላ አለ፤ እነሱ ግን እዚያው መንገድ ላይ ይፈታሉ። ሞተሩን ቀናት የሚያስቆመው ፍሪሲዮን ነው። ምክንያቱም ግልጽ ነው። ለሁለት ሰው የተሠራ ሞተር ላይ ኩንታል ተጭኖ፣ በጭቃ ዳገት ላይ ፍሪሲዮን ግማሽ ተይዞ ጋዝ ይሰጣል። ሸራው ይንሸራተታል፣ ይሞቃል፣ ይቃጠላል። ሞተሩ ይጮሃል፣ ጎማው ግን አይሄድም።

ከዚያ ሞተሩ ከተማ ይወሰዳል። ወረፋ ይያዛል። መለዋወጫው የለም፣ ከጅማ ይመጣል ይባላል። መለዋወጫውም ከውጭ የሚገባ ስለሆነ፣ ከሐምሌ 22 ቀን 2016 የምንዛሪ ለውጥ ወዲህ ዋጋው የት እንደደረሰ የገዛችሁ ታውቁታላችሁ።

የኔ አቋም ይሄ ነው፦ ፍሪሲዮን ቤት ውስጥ ይቀየር፣ ካምቢዮ ግን ቤት ውስጥ አይከፈት። ሁለቱን የምናምታታው ለዚህ ነው በሁለቱም በኩል የምንከስረው። አንዱ ግማሽ ቀን የሚፈጀውን ሥራ ሳምንት ያስጠብቃል፤ ሌላው መነካት የሌለበትን ከፍቶ ሞተሩን በጆንያ ይዞ ጋራዥ ይሄዳል።

ቤት ውስጥ የሚቻለው ይሄ ነው።

1. መጀመሪያ ገመዱን እዩ። የፍሪሲዮኑ እጀታ ሳይስብ በፊት ትንሽ ልል መሆን አለበት፣ ከሥሩ 2 እስከ 3 ሚሊ ሜትር ያህል። ገመዱ በጣም ከተወጠረ አዲስ ሸራም ይንሸራተታል። ብዙ ሰው ሸራ ይቀይራል፤ ችግሩ ግን የገመድ ማስተካከያዋ ብሎን ነበረች።

2. ዘይቱን እዩ። በነዚህ በትንንሾቹ ሞተሮች ኢንጅኑም፣ ካምቢዮውም፣ ፍሪሲዮኑም የሚጠጡት አንድ ዘይት ነው። የመኪና ዘይት ርካሽ ነው ብሎ መጨመር ሸራውን ያንሸራትታል። ጠርሙሱ ላይ ጃሶ ኤምኤ የሚል ይኑርበት፤ የዘይቱን ውፍረትና መጠን የሞተሩ መጽሐፍ ይነግራችኋል።

3. ገመዱም ዘይቱም ደህና ሆኖ አሁንም ከተንሸራተተ ይከፈት። ሞተሩ ይቀዝቅዝ፣ ዘይቱ ይውረድ። በቀኝ በኩል ያለው የእግር ማስነሻ ይወጣል፣ ክዳኑ ብሎን በብሎን ይፈታል። ብሎኖቹ ርዝመታቸው ስለሚለያይ ካርቶን ላይ ክዳኑን ስላችሁ፣ እያንዳንዱን በቦታው ሰክታችሁ አስቀምጡ።

4. ሞላዎቹን የያዙት ብሎኖች በመስቀል አቅጣጫ፣ ትንሽ በትንሹ ይላሉ። ከዚያ ሸራና የብረት ዲስክ እየተፈራረቁ ይወጣሉ። ቅደም ተከተላቸው በስልክ ፎቶ ይነሳ። ያረጀ ሸራ ይሳሳል ወይም ይጠቁራል። የብረት ዲስኩ ሰማያዊ ከሆነ ተቃጥሏል፤ መስታወት ላይ አስተኝታችሁት ከተወዛወዘ ጠሟል። ሞላው አጥሮ ከሆነ አብሮ ይቀየር።

5. አዲሱ ሸራ ከመግባቱ በፊት በዚያው ሞተር ዘይት ውስጥ ተነክሮ ይቆይ። በደረቁ ከገባ ገና ከመነሻው ይቃጠላል። መልሳችሁ ስታጠብቁ በመስቀል፣ በልክ፤ የሚገባበት ብረት አሉሚኒየም ነው፣ ጉልበት ከበዛ ጥርሱ ይበላል። አሮጌው ጋስኬት ተፍቆ በአዲስ ይተካ።

ይሄን ሁሉ ለመሥራት ጥቂት ቁልፎች፣ ንጹህ ጆንያ፣ ብርሃንና ትዕግሥት ይበቃል። ሸራዎቹ የሚቀመጡበት ጎድጓዳ ብረት ራሱ በጥርሱ ላይ ቦይ ቦይ ከሠራ ግን እዚያ ላይ አቁሙ፤ እሱን ለማውጣት የተለየ መፍቻ ይጠይቃል።

ካምቢዮስ? በአብዛኞቹ ሞተሮች ካምቢዮውን ለማየት ኢንጅኑን አውርዶ ለሁለት መክፈል ያስፈልጋል። ያ የጋራዥ ሥራ ነው። ግን «ካምቢዮው ሄዷል» የተባለ ሁሉ ካምቢዮው አልሄደም። ማርሽ አልገባ ካለ ወይም ዜሮ ማርሽ ካስቸገረ ብዙ ጊዜ ፍሪሲዮኑ በደንብ አይለቅም፣ ወይም የማርሽ እግሩ ጥርስ ተበልቶ ይሾራል። ካቴናው ሲዘልም ካምቢዮ ይመስላል። በሌላ በኩል፣ የገባ ማርሽ ዳገት ላይ በራሱ እየዘለለ ከወጣ፣ ወይም ከወረደው ዘይት ውስጥ የብረት ስብርባሪ ካገኛችሁ፣ ያኔ ሞተሩን አትንዱት፤ ለባለሙያ ስጡት። የባለሙያው ክፍያ እዚህ ላይ ይገባዋል።

«መካኒኩ ምን ይብላ?» የሚለኝ አለ። መካኒኩ በኅዳር ወረፋው ጣራ ነክቷል። ሸራ መቀየር ከላዩ ቢነሳለት ኢንጅንና ካምቢዮ ላይ ያተኩራል። «መፍትሔው መንገድ ነው» የሚልም አለ። ልክ ነው፣ መንገድ ነው። ግን አሁን ነሐሴ ላይ ነን፤ መንገዱ ለዘንድሮ እሸት አይደርስም፣ ሸራ ግን ይደርሳል።

ስለዚህ ዩኒየኖች፣ በየመሰብሰቢያ ጣቢያችሁ አንድ የቁልፍ ሣጥንና አካባቢው ላይ ለሚበዙት ሞተሮች ሁለት ሦስት የሸራ ስብስብ ከነሞላውና ከነጋስኬቱ አስቀምጡ። ወጪው ከአንድ የታደረ ጭነት ኪሳራ ጋር ይነጻጸር። አንድ ጥሩ መካኒክ ለአንድ ቀን ከፍላችሁ አሽከርካሪዎቹን አሳዩ። ላኪዎች፣ ለአቅራቢ ቅድሚያ ስትሰጡ የጆንያ ብር እንደምታስቡት የመለዋወጫም አስቡ፤ የምትፈልጉት ደረጃ የሚጠበቀው ወይም የሚበላሸው እዚያ ዳገት ላይ ነው።

እኛ ደላሎች ደግሞ አንድ ነገር እናቁም። እኛ የላክነው ሞተር ተበላሽቶ ያደረን እሸት «የጥራት ጉድለት» ብለን ከገበሬው ላይ አንቁረጥ። ገበሬው ቀዩን ለይቶ፣ በሰዓቱ ለቅሞ አስረክቧል። የኛ የፍሪሲዮን ዕዳ የሱ አይደለም። ዘንድሮ የምገባበት ውል ላይ እሸቱ ሞተር ላይ ከተጫነበት ሰዓት ጀምሮ ኃላፊነቱ የገዢው እንዲሆን እያስጻፍኩ ነው። የማይስማማ ካለ ኮሜንት ላይ ይምጣ፣ በሒሳብ እንነጋገር።

የበቆሎና የቡና ዋጋ ማታ 2 ሰዓት ላይ ይለቀቃል። መልካም ግብይት።