«ጨምቂ» ብቻውን ምክር አይሆንም

የነፍሰ ጡር ሴት ልብ የሚሸከመው ሥራ ከወትሮው የበዛ ነው። የደሟ መጠን እስከ 50 በመቶ ሊጨምር ይችላል፤ የልቧ ምትም በእረፍት ላይ ሳለች እንኳ በደቂቃ ከ10 እስከ 20 ያህል ከፍ ይላል። ስለዚህ የዳሌ ወለል ጡንቻዎችን የማጠንከር እንቅስቃሴ ሲነሳ «የደም ግፊቷን አይጨምርባትም ወይ?» ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው። ተገቢ ያልሆነው መልሱን ሳይሰሙ መከልከል ነው።

እነዚህ ጡንቻዎች ፊኛን፣ ማህፀንንና የአንጀትን ጫፍ ከሥር ደግፈው ይይዛሉ። አሜሪካዊው የማህፀን ሐኪም አርኖልድ ኬግል፣ ጡንቻዎቹን እያጠበቁ መልቀቅ ከወሊድ በኋላ ሽንት ለሚያመልጣቸው ሴቶች እንደሚጠቅም እ.ኤ.አ. በ1948 ጽፏል። የዓለም የጤና ድርጅትም በ2020 ባወጣው የአካል እንቅስቃሴ መመሪያ፣ ነፍሰ ጡሮች ይህን ችግር ለመቀነስ በየዕለቱ ሊሠሩት እንደሚችሉ አመልክቷል።

ማንኛውም ጡንቻ ተጨምቆ ሲቆይ የደም ግፊት ለጊዜው ከፍ ማለቱ አይቀርም። ጭማሪው ግን እንደ ጡንቻው ስፋት፣ እንደ ጥረቱ ብርታትና እንደ ቆይታው ይለያያል። የዳሌ ወለል ጡንቻዎች ትናንሽ ናቸው፤ የሚጨመቁትም ለጥቂት ሰከንዶች ነው። እርግዝናዋ ጤናማ ለሆነ ሴት ልብ ይህ ደረጃ ከመውጣት የሚከብድ ሸክም አይደለም።

ጥንቃቄ የሚያሻው ትንፋሹ ላይ ነው። ብዙ ሴቶች «ጨምቂ» ሲባሉ ትንፋሻቸውን ይይዛሉ፤ ሆዳቸውንም ይወጥራሉ፤ አንዳንዶቹ ሳያውቁት ወደ ታች ይገፋሉ። ያን ጊዜ በደረት ውስጥ ያለው ግፊት ስለሚያሻቅብ ወደ ልብ የሚመለሰው ደም ይቀንሳል። የደም ግፊቱም መጀመሪያ ከፍ፣ ቀጥሎ ዝቅ፣ ትንፋሹ ሲለቀቅ ደግሞ መልሶ ከፍ ይላል። ሆድ ድርቀት ይዟት መጸዳጃ ቤት ስታምጥ የሚሆነውም ይኸው ነው፤ ስለዚያ ግን ማንም ልቧን አያስጠነቅቃትም።

በባዕድ አገር የምትወልድ ሴት ብዙ ጊዜ በማትረዳው ቋንቋ የታተመ በራሪ ወረቀት ይዛ ከክሊኒክ ትወጣለች። ወረቀቱ ስንት ጊዜ መጭመቅ እንዳለባት ቢነግራትም እንዴት መተንፈስ እንዳለባት ካልነገራት ግማሽ ምክር ነው። ቤት ስትደርስ ደግሞ «አርፈሽ ተቀመጪ» ትባላለች። ሽንት ማምለጡን ለማንም መናገር ስለምታፍር ችግሩን ብቻዋን ትሸከመዋለች። አዋላጆችና የጤና ባለሙያዎች በምርመራ ቀን ሁለት ደቂቃ ወስደው ቢያሳዩአት ይህ ሁሉ በቀረ ነበር፤ ትንፋሽ እያወጣች ታጥብቅ፣ እያስገባች ሙሉ በሙሉ ትልቀቅ። ጡንቻውን አጥብቃ ሳለች ያለ ችግር መናገር ከቻለች ትንፋሿን አልያዘችም። ከእርግዝናው አጋማሽ በኋላ ማህፀኑ ደምን ወደ ልብ የሚመልሰውን ትልቅ የደም ሥር ስለሚጫን፣ በጀርባ ከመንጋለል ተቀምጦ ወይም በጎን ተኝቶ መሥራት ይሻላል።

እንቅስቃሴው የደም ግፊት መድኃኒት ተደርጎ መወሰድ ግን የለበትም። የልብ ሕመም ያለባት ሴት አስቀድማ ሐኪሟን ታማክር። ከ20ኛው ሳምንት በኋላ ግፊቷ 140 በ90 ወይም ከዚያ በላይ የሆነ፣ ወይም ብርቱ ራስ ምታትና የዓይን ብዥታ የገጠማት ነፍሰ ጡር ደግሞ በዚያው ዕለት ሐኪም ቤት መድረስ አለባት።