የዓርቡ ጨዋታ በጀት አይሰረዝ

ለሚመጣው ጠቅላላ ጉባኤ ከቀረቡት ሐሳቦች አንዱ፣ የዓርቡ ኳስና የቡና ፕሮግራም ቀርቶ ገንዘቡ ለመጻሕፍትና ለፈተና ጥያቄዎች ማባዣ ይዋል የሚል ነው። የአቅራቢዎቹ ቅንነት አያጠራጥርም። እዚህ ካይሮ ድረስ የመጣነው ለትምህርት ነው፤ ወገን የላከን ኳስ እንድናንከባልል አይደለም፤ ይላሉ። እኔ ግን ሕክምና እንደሚያጠና ሰው ሐሳቡን እቃወማለሁ።

በመኖሪያችን «ሐኪሙ» መባል ከጀመርኩ ወዲህ ክፍሌን የሚያንኳኳው ሰው ብዙ ነው፤ ገና ተማሪ ነኝ ብል የሚሰማኝ የለም። ቅሬታውም ይመሳሰላል፤ ጨጓራ፣ ራስ ምታት፣ እንቅልፍ ማጣት፣ «ልቤ ይመታል»። ክሊኒክ ሂዱ እላለሁ፤ ይሄዳሉ፤ ይመረመራሉ፤ ብዙውን ጊዜ የሚገኝ ነገር የለም። ውሏቸው ሲጠየቅ ግን ከመማሪያ ክፍል ወደ መኝታ፣ ከመኝታ ወደ መማሪያ ክፍል ነው። ባፋቸው በፈቱበት ቋንቋ ከሰው ጋር ሳይስቁ ሳምንት ያልፋል። ወደ ቤት ቢደውሉም «ደህና ነኝ» ብለው ይዘጋሉ፤ እናትን ማስጨነቅ ነውር ነዋ!

ይህ ተራ ናፍቆት ነው ብሎ የሚያቃልል ይኖራል። እ.ኤ.አ. በ2010 የታተመ ጥናት ከ300 ሺህ በላይ ሰዎች የተከታተሉ 148 ጥናቶችን አንድ ላይ መርምሮ፣ ከሰው ጋር ጠንካራ ግንኙነት ያላቸው በክትትሉ ዘመን በሕይወት የመቆየት ዕድላቸው ከሌሎቹ በ50 በመቶ ያህል የበለጠ ሆኖ አግኝቶታል። በጃማይካም በ1980ዎቹ ዕድገታቸው የቀነጨረ 129 ሕፃናት ተመርጠው፣ ለከፊሎቹ የጤና ሠራተኛ በሳምንት አንድ ሰዓት ቤታቸው እየሄደች እናትና ልጅን ለሁለት ዓመት አጫወተች። ከ20 ዓመት በኋላ ገቢያቸው ካልተጎበኙት በ25 በመቶ በልጦ ተገኘ። እኛ ሕፃናት አይደለንም፤ ሆኖም ጨዋታ ለሰው ልጅ እንደ ቅንጦት መቆጠሩን ይህ ያናጋዋል።

ታዲያ ስብሰባ አይበቃም ወይ? አይበቃም። ስብሰባ ምልዓተ ጉባኤ ሲሟላ ይከፈታል፤ አርባኛው ሰው ይኑር አይኑር የሚጠይቅ የለም። በረኛው ሲቀር ግን ጨዋታው አይጀመርም፤ ሰው ይላካል፣ በሩ ይንኳኳል። ደግሞም «ሆድ ይፍጀው» እየተባለ ያደገ ልጅ «ከፋኝ፣ ብቻዬን ነኝ» ብሎ ወደ ኮሚቴ አይመጣም። «አንድ ሰው ጎደለን፣ ና» ሲባል ግን ጫማውን ያስራል። ከጨዋታው በኋላ ቡናው ሲቀርብ ስለ ወደቀበት ፈተና የሚያወራውም እዚያው ነው። በአማርኛችን «ጨዋታ» ኳሱም ወጉም መሆኑ ያለ ነገር አይደለም።

በሰሜን አሜሪካ በ1960ዎቹና በ1970ዎቹ የነበሩት የተማሪዎች ማኅበራት በስብሰባና በውሳኔ ብዛት የሚታሙ አልነበሩም፤ ተከፋፍለው አለፉ። በ1984 የተቋቋመው የኢትዮጵያውያን የስፖርት ፌዴሬሽን ግን በኳስ ሰበብ ሕዝብ ሲያገናኝ አርባ ዓመት አለፈው። የማይጫወተው እንኳ የልጅነት ጓደኛውን ፍለጋ ይሄዳል።

ኳስ መድኃኒት ነው አላልኩም። ለሳምንታት እንቅልፍና ምግብ ያጣ፣ መኖር ያስጠላው ሰው ሐኪም ዘንድ መወሰድ አለበት። ነገር ግን ዓርብ ዓርብ የሚፈልገው ሰው ከሌለ መክሳቱን ማን ያይለታል?

ፕሮግራሙ ጉድለት የለውም ማለትም አይደለም። እስካሁን የወንዶች ሆኖ ቆይቷል፤ እኅቶቻችን የሚጠሩት ቡና እንዲያፈሉ ነው። ይህ ለእነርሱ ሥራ እንጂ ጨዋታ አይደለም። የሚጫወቱትን እነርሱ ይምረጡ፤ ቡናውን በተራ እናፍላ፤ ማቃጠላችን ባይቀርም።

ወጪውስ ስንት ነው? ሁለት ኳስ፣ የሜዳ ኪራይ፣ ቡናና ስኳር። ዳማውማ በቆርኪ ይሆናል። ለጥያቄ ማባዣ ገንዘብ ካነሰ ለዓመት በዓሉ አዳራሽና ለመድረክ ጌጥ ከምናወጣው ይቀነስ። ይህንኑ ለጉባኤው በጽሑፍ አቀርባለሁ፤ የምትደግፉ ዓርብ ከኳሱ በኋላ ፈርሙልኝ።